የፕሮፋይል ፎቶአችንን ማን ይምረጥልን?

የክፍላችንን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ የአባላቱን ዝርዝር ወደ ታች ብትጎትቱት የምታገኙት ነገር ይገርማል። ጽጌረዳ አለ። ቅዱስ ሚካኤል አለ፤ ካዕባም አለ። የአርሴናልን አርማ ያደረገ አለ፣ የእህቱን ሕፃን ልጅ የለጠፈ አለ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ጀርባውን የሰጠን አለ። ሹሩባቸውን ወደ ኋላ ጥለው በቁጣ የሚያዩን አጤ ቴዎድሮስ ደግሞ ከአንድም ሦስት ቦታ ተቀምጠዋል። የገዛ ፊቱን በግልጽ ያሳየ ሰው ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። እንግዲህ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። ነገ እንጀራችን ስማችንና ፊታችን ነው።

"ፎቶ ነው፣ ደስ ያለኝን እለጥፋለሁ፣ ምን ችግር አለው?" የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ለአፓረንትሺፕ ወጥተው የተመለሱ ሲኒየሮቻችን ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ አንድ አዘጋጅ በቴሌግራም የተላከለትን ዜና ከመክፈቱ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ከላኪው ስም አጠገብ ባለችው ትንሽ ክብ ላይ ነው። ክቧ ውስጥ አንበሳ ካለ ዜናውን የላከው አንበሳ ነው ማለት ነው! ስለዚህ ፕሮፋይል ፎቶ ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ማን ቢመርጠው እንደሚሻልና እንዴት ቢነሣ ጥሩ እንደሚሆን ካነበብኩትና ካየሁት ላካፍላችሁ ፈለግሁ።

እስቲ መጀመሪያ ከአጤ ቴዎድሮስ እንነሣ፤ አገራቸውም አገራችንም ቅርብ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ነው የሚባል የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ነገሩ የፎቶ ማንሻ እጦት ብቻ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። መንገዱን አነሡ፣ ሰፈሩን አነሡ፣ አምባውን አነሡ። ንጉሡ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሲያጠፉ ካሜራ ፊት ሳይቆሙ ቀሩ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ከሞቱ በኋላ ፊታቸውን በእርሳስ ነደፈው። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው ቁጡ ፊት ሠዓሊዎች በየጊዜው እንደየስሜታቸው የሣሉት ነው። እንግዲህ የማንንም ልጅ ፊት ሸፍኖ የተቀመጠው ምስል ራሱ የባለቤቱ ፊት ስለመሆኑ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ፎቶ ተነሥቷል፤ ያውም በዘመኑ ስመ ጥር በነበረች ፎቶ አንሺ። ዓለማየሁ ከመቅደላ ሲወሰድ ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በመንገድ ላይ ሞቱበት። እንግሊዝ አገር እንደገባ፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። ሞግዚቱ የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ሐበሻ መስሎ፣ የእኛን አገር ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር የተነሣባቸው ፎቶዎችም አሉ። ፎቶዎቹን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመታው የልጁ ዓይን ነው፤ ኀዘኑ ከካሜራው ሊደበቅ አልቻለም። ልብሱን፣ አቀማመጡን፣ ጌጡን የመረጡት ትልልቆቹ ሰዎች ናቸው። የእነሱ አገር ሰው ሊያይ የሚፈልገው "የተማረከውን የሐበሻ ልዑል" ስለነበረ እሱን አደረጉት። ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ አርፎ ዊንድዘር ተቀበረ። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ግን ያ የ7 ዓመት ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በባዕድ አገር ኖሮ ፕሮፋይል ፎቶው አልተቀየረም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ደግሞ ልጅ ኢያሱ ናቸው፤ የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ "ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል" የሚለው ክስ ዋነኛው ነበር። ጥምጥም አድርገው የሚያሳዩ ፎቶዎች ለዚህ ማስረጃ ተብለው እንደዞሩ ይነገራል። ከእነዚህ ፎቶዎች አንዳንዶቹ ተቀጥለው የተሠሩ ናቸው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ተጋብቶ፣ በአንድ ማዕድ ተቀምጦ በሚኖርበት በወሎ ምድር ለተወለደ ሰው ጥምጥም መጠምጠም ያን ያህል የሚያስደንቅ አልነበረም ብዬ አስባለሁ። ያው ፎቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ፎቶው የተነሣበት አገርና የታየበት አገር ሲለያይ ትርጉሙ እንዲህ ይገለበጣል።

ከነገሥታቱ ወደ እኛ ስንመጣ ልዩነቱ፣ እኛ የመምረጥ ዕድል አለን። ችግሩ ይሄን ዕድል የምንጠቀምበት መስታወት ፊት ቆመን "የትኛው ላይ አምሬያለሁ?" ብለን በመጠየቅ ብቻ መሆኑ ነው። ፕሮፋይል ፎቶ ዋና ሥራው ማማር አይደለም። ሥራው ለማያውቀን ሰው "ይህ እሱ ነው" ወይም "ይህች እሷ ናት" ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ማኅተም ነው።

ማኅተም ካልኩ አይቀር የጠገራ ብርን ነገር ላንሳ። አያቶቻችን ማርትሬዛ የሚሉት ብር ላይ ያለችው ሴትዮ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ ፊቷ በጎን፣ በትክክለኛው የቃሉ ትርጉም "ፕሮፋይል" ነው። ሴትዮዋ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ብሩ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ሲመታ ዓመቱም መልኩም ሳይቀየር 1780 እየተባለ ነው። ገበያተኛው ብሩን ከመቀበሉ በፊት የዘውዷን ዕንቁና የትከሻዋን ጌጥ በጣቱ እየዳሰሰ ያጣራ ነበር ይባላል፤ አንድ ነገር ከጎደለ አይወስድም። አጤ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር ፓሪስ አስመትተው ሥራ ላይ ቢያውሉም ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪወጣ ድረስ አገሬው የሙጥኝ ያለው የማያውቃትን የባዕድ ሴት ምስል ነበር። ለምን? መልኳ ስለማይቀያየር ነዋ! በየሳምንቱ ፕሮፋይል ለምትቀያይሩ ወዳጆቼ ይቺን ለቡና መጠጫ ትሁናችሁ።

አሁን ደግሞ ፎቶን እንደ ማኅተም የሚጠቀም ሰው ዛሬም መኖሩን የገባኝ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። በወግዲ በኩል ገጠር የሚኖሩ አንድ አክስት አሉኝ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ሴት ልጃቸው ሳዑዲ ናት፤ የላከችላቸው ስልክ ላይ ኢሞ ተጭኖላቸዋል። እሳቸው ስም አይፈልጉም፣ ቁጥር አይፈልጉም። ኢሞን ይከፍቱና የልጃቸውን ፊት ሲያገኙ ይነኩታል፤ ይጠራል። ከልጃቸው ፊት በላይ የወንድማቸው፣ ከሥሯ ደግሞ ጅዳ ያለ የጎረቤት ልጅ ፊት አለ። የስልካቸው ማውጫ ማለት ይኸው ነው፤ በፊት ነው የተጻፈው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። በዚያ መሐል ልጂቱ ፎቶዋን ቀይራ ኖሯል። ዳታው ተለቅቆ አክስቴ መካነ ሰላም ገበያ በወጡ ጊዜ እኔ ጋ መጥተው ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጡና ዝም አሉ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"ምነው እትዬ? ተበላሸ እንዴ?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ። ልጄ የነበረችበት ቦታ አበባ ተቀምጧል" አሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አበባ የሚያደርጉት ለሞተ ሰው ነው አሉ። እውነት ነው?"

ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም ሳይናገሩ ይሄን ይዘው ነበር የከረሙት። በስሟ ፈልጌ ደወልኩላቸው፤ በሁለተኛው ጥሪ አነሣች። እናትና ልጅ ሲላቀሱ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ልጂቱ ምንም አላጠፋችም፤ ቀይ ጽጌረዳ ስለወደደች ለጠፈች። ነገር ግን በእኛ አካባቢ አበባና ሻማ "ነፍስ ይማር" ከሚለው ጽሑፍ ጋር ሲለጠፍ ነው የኖረው። ለእሷ ጌጥ የሆነው ለእናቷ መርዶ ሆኖ ተነበበ። ለእኛ ለተማሪዎቹ ፎቶ የስማችን ማሟያ ነው። ለማያነቡ እናቶቻችን ግን ራሱ ስሙ ነው። ከእንግዲህ ፎቶ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ "ይሄን ማን ያየዋል?" ቢሆን ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው። መልሱ ሁለት ዓይነት ሰው ከሆነ፣ ሁለት ቦታ ሁለት ፎቶ ማድረግ ይቻላል፤ ማንም አይከለክልም። ኢሞ ላይ እናታችሁ የምታውቀው ፊት ይቀመጥ፤ ቴሌግራም ላይ አዘጋጁ የሚያየው።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይምረጠው የሚለው ነው። እዚህ ላይ በእኔ አስተያየት ራሳችንን ማመን የለብንም። ይሄ የግል ስሜት ብቻ አይደለም፤ ጥናትም አለ። ሲድኒ ከተማ በሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ዋይትና ባልደረቦቹ 102 ተማሪዎችን ሰብስበው እያንዳንዱ የራሱን 12 ፎቶዎች ከፌስቡክ እንዲያወርድ አደረጉ። ከዚያ ለጓደኝነት፣ ለፍቅርና ለሥራ ገጽ የትኛውን እንደሚመርጥ ጠየቁት። ያንኑ ምርጫ ሌላ የማያውቀው ሰውም እንዲመርጥለት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሦስተኛ ወገን ሆነው ፎቶዎቹን ባዩ ሰዎች ዘንድ የበለጠ ተወዳጅ፣ ታማኝና ብቁ የሚያስመስለው ባለቤቱ የመረጠው ሳይሆን እንግዳው የመረጠው ፎቶ ሆኖ ተገኘ። 

ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? አንዱ መስታወት ነው። እኛ የራሳችንን ፊት የምናውቀው በመስታወት፣ ማለትም ቀኙ ግራ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ሰዎች ከሁለት ፎቶ የመስታወቱን ዓይነት የራሳቸውን ፎቶ ሲመርጡ፣ ጓደኞቻቸው ደግሞ ትክክለኛውን እንደሚመርጡ አሳይቷል። ሁሉም የለመደውን ይወዳል። ሁለተኛው፣ ፎቶአችንን ስናይ ፎቶውን ብቻ አይደለም የምናየው፤ የዚያን ቀን ደስታ አብረን እናያለን። ያ ሠርግ፣ ያ ጉዞ፣ ያ አዲስ ጫማ ትዝ ይለናል። እንግዳው ሰው ይሄን ሁሉ አያይም። እሱ የሚያየው ፊት ነው፤ ያውም ለቅጽበት። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ዊሊስና ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት፣ ሰው የማያውቀውን ፊት ለአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ አይቶ "ይሄ የሚታመን ነው፣ ይሄ አይታመንም" የሚል ፍርድ እንደሚሰጥ ያሳያል። ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጠው ፍርዱን ብዙም አይለውጥም፤ እርግጠኝነቱ ብቻ ይጨምራል። ልብ በሉ፣ ፍርዱ ልክ ነው ማለት አይደለም። የሚሰጠው ግን በዚህ ፍጥነት ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ዶርማችን ውስጥ ሞከርነው። አራት ልጆች ነን፤ እያንዳንዳችን ስድስት ስድስት ፎቶ አውጥተን ለራሳችን አንድ ከመረጥን በኋላ ስልኩን ለአካውንቲንግ ተማሪዎች፣ ለማያውቁን ልጆች ሰጠናቸው። ሌላ ምንም አላልናቸውም፤ "ይቺ ልጅ ዜና ብትነግራችሁ የትኛዋን ታምናላችሁ?" ብቻ ብለን ጠየቅን። የሁለታችን ምርጫ ከነሱ ጋር ተለያየ። አንዷ ጓደኛችን የመረጠችው ፊልተር የበዛበትን፣ ዓይኗ የሰፋ ቆዳዋ የነጣውን ነበር። እነሱ ሳያመነቱ ያነሡት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ሳታስበው የተነሣችውን፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንደዋዛ የተጣለበትን ነው። "ይሄማ ስወጣ የተነሣሁት ነው!" ብላ አኮረፈች። በኋላ ግን ለጠፈችው። ጥናት ነው አልልም፤ አራት ሰው ጥናት አይሆንም። ነገር ግን ወጪ የለው፣ ጊዜ አይፈጅ፣ ሞክሩት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው "ታዲያ ዓለማየሁንም እኮ ሌሎች ናቸው የመረጡለት" ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው። ልዩነቱ ፎቶውን የሚመርጠው ሰው ምን ጥቅም አለው የሚለው ላይ ነው። ካሜሮን ፎቶ ትሸጥ ነበር። የአካውንቲንግ ልጆች ከእኛ ፊት የሚያገኙት ነገር የለም። ደግሞም ምን ማለት እንደምንፈልግ የወሰነው እኛው ነን፤ ስድስቱን ፎቶ ያወጣነው፣ ጥያቄውንም ያወጣነው እኛ ነን። እነሱን የጠየቅናቸው ያልነው ተሰምቶ እንደሆነ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ማንሣቱ ጥቂት ልበል። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በበጋ የእኩለ ቀን ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትወርዳለች፤ ቅንድባችን ዓይናችን ላይ ጥላ ይጥልና ሁለት ጉድጓድ ያለን ያስመስለናል። ስለዚህ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሜዳ ላይ አትነሡ። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። የግድ በቀትር መነሣት ካለባችሁ በር ላይ ቁሙ፤ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ፊታችሁን ወደ ውጭ አድርጉ። በሩ ራሱ መብራት ይሆናል። በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ብዙዎቻችን "ዛሬስ ለፎቶ አይሆንም" እንላለን። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ደመናው ብርሃኑን እኩል ስለሚበትነው ፊት የሚያምረው ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ትልቅ ችግር ሰማይ ነው። ደንቆሮ ጫካ አካባቢ ወይም የአባይን በረሃ ቁልቁል እያዩ የተነሡ ፎቶዎች ላይ ገደሉ ያምራል፣ ሰውየው ግን ከሰል ይሆናል። ይሄ የቆዳችን ጥፋት አይደለም። የስልኩ ካሜራ ብርሃኑን የሚለካው በአማካይ ስለሆነ፣ ከኋላችን ያለው ሰማይ ሲያበራ እኛን ያጨልመናል። መፍትሔው ስክሪኑ ላይ የሚነሣውን ሰው ፊት በጣት ነካ ማድረግ ነው፤ ካሜራው በፊቱ ልክ ያስተካክላል። ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ። ለነገሩ ክቧ ውስጥ ገደልም ሰማይም አይታይም። አገር ምድሩን ለማሳየት ሌላ ቦታ ሞልቷል፤ እዚያች ክብ ውስጥ ፊት ብቻ ይበቃል፣ ከደረት በላይ። የድሮዎቹ ፎቶ ቤቶች ጉርድ ፎቶ ሲሉ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር።

ሰልፊን በተመለከተ፣ ክንዳችን አጭር ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፊት ላይ አፍንጫ በ1.5 ሜትር ርቀት ከተነሣው ይልቅ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በስሌት አሳይቷል። ሌንሱ የቀረበውን ስለሚያተልቅ ነው። አፍንጫችን ላይ ከማዘን ስልኩን ለጓደኛ ሰጥቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ይሻላል።

ፎቶ ቤት የሚሄዱ አሉ፤ እኔም እደግፋለሁ፣ ከአንድ ነገር በስተቀር። እሱም በኮምፒዩተር የሚለጠፈው ኮትና ክራባት ነው። ሰውየው በሹራብ ይገባል፣ በሱፍ ይወጣል። ኮቱ የሌላ ሰው ስለሆነ አንገቱ ከትከሻው ጋር አይገጥምም። አሁን አሁን ደግሞ ይሄንኑ ሥራ ስልኮች በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠሩታል፤ ቆዳ ያነጣሉ፣ ጥርስ ይደረድራሉ። ለመታወቂያ የሰጠነው ፎቶ ሌላ፣ በር ላይ የቆመው ሰው ሌላ ሲሆን ጥበቃው ምን ያድርግ? ለጋዜጠኛማ ነገሩ ይብሳል። ልብሱን የዋሸ ሰው ዜናውን እንዳልዋሸ በምን ይታወቃል? ጋቢም ይሁን ሹራብ፣ የራሳችሁ ይሁን።

እስካሁን "ፊታችሁን አሳዩ" እያልኩ ነው የመጣሁት። ሁሉም ሰው ግን ይሄን ማድረግ አይችልም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ባያደርግ ይሻለዋል። ሴት ጓደኞቼ አበባና እጃቸውን የሚለጥፉት ስለሚያፍሩ ብቻ አይደለም። ፎቶአቸው ተወስዶ በስማቸው ሐሰተኛ አካውንት የተከፈተባቸው አሉ፤ ከማያውቁት ሰው ሌሊት ሌሊት የሚደወልላቸውም አሉ። ከዚህ የከፋም ደርሷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ጦርነቱ በተጋጋለበት ወቅት ፎቶአቸው ብሔራቸውን መሠረት ካደረገ ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ሰነበተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. መኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ፊት የሰው ማንነት መግለጫ ነው እንላለን፤ በክፉ ቀን ግን አድራሻም ይሆናል። ስለዚህ ፊቷን ያላሳየችን ልጅ "ምን ደብቀሽ ነው?" ማለት ተገቢ አይመስለኝም። መመረጥ ያለበት በሙሉ ፊትና በአበባ መካከል ብቻ አይደለም። ፎቶው ለማን እንደሚታይ መወሰንም ምርጫ ነው።

ቴሌግራም ላይ ይሄን ማድረግ ቀላል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለውን፣ ከዚያ ፕሮፋይል ፎቶስ የሚለውን ትነካላችሁ። "ኤቭሪባዲ" የሚለውን ወደ "ማይ ኮንታክትስ" ብትቀይሩት ፎቶአችሁን የሚያየው ስልካችሁ ላይ የመዘገባችሁት ሰው ብቻ ይሆናል። አንድ አዘጋጅ ብቻ እንዲያያችሁ ከፈለጋችሁ እዚያው "ኦልዌይስ አሎው" የሚል አለ፤ ስሙን ትጨምራላችሁ። ፌስቡክ ግን እንዲህ አይደለም፤ በሥራ ላይ ያለው ፕሮፋይል ፎቶ ለማንም ይታያል። ስለዚህ እዚያ የምታስቀምጡት ፎቶ ማንም ቢያየው የማይቆጫችሁ መሆን አለበት። ሁለት አካውንት ያላችሁ፣ አንዱ በስም አንዱ ያለ ስም ከሆነ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ አታድርጉ። ፎቶው ራሱ ሁለቱን ሊያገናኝባችሁ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ቀረኝ። ቴሌግራም ላይ አዲስ ፎቶ ስትጭኑ የድሮው አይጠፋም። ፎቶአችሁን የነካ ሰው ወደ ጎን ሲጠርገው ከፍሬሽማን ጀምሮ ያደረጋችሁት ሁሉ በተራ ይመጣለታል፤ የተኮሳተራችሁበትም፣ ከቀድሞ ጓደኛችሁ ጋር ተቃቅፋችሁ የተነሣችሁበትም፣ ያ በስሜት የለጠፋችሁት መፈክርም። ለአፓረንትሺፕ ደብዳቤ ከመውሰዳችሁ በፊት የራሳችሁን ፎቶ ነክታችሁ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመልከቱ። የማትፈልጉት ላይ ስትደርሱ ከላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ "ዴሊት" በሉት። ፌስቡክም ፕሮፋይል ፒክቸርስ በሚል አልበም ውስጥ የድሮዎቹን ያስቀምጣል፤ እሱንም እንዲሁ።